ለጫማ የተላኩ ሽማግሌዎች

ጋሽ ነስሩ ማረፋቸውን የነገረችኝ ሐያት ናት። ስልኬ ሲጠራ ወልቂጤ፣ ቢሮዬ ውስጥ ነበርኩ። «ምሕረት፣ ጋሽ ነስሩ እኮ…» አለች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ደግሞ በለቅሶዋ መሃል ሳቅ አመለጣት። አልተቀየምኳትም። ስልኩን ስዘጋ እኔም እንደዚያው ሆንኩ፤ ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ የሳቄን እንጂ የእንባዬን አላየችም መሰለኝ፣ «እንኳን ደስ አለሽ! ምን ተገኘ?» አለችኝ።

ቡታጅራ ስደርስ ቀብሩ አልፏል። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ተራ በተራ ስለ እርሳቸው ያወራል። አንዱ ካርታ ማንበብ እንዴት እንዳስተማሩት፣ ሌላው ክረምት በመጣ ቁጥር ተማሪ አሰልፈው የጎርፍ ቦይ እንደሚያስጠርጉ ተናገረ። ሁሉም እውነት ነው። የጫማውን ነገር ግን ማንም አላነሳም። ላነሳው ፈልጌ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ውሃ አቀበሉኝ፤ ጠጣሁና ብርጭቆውን መለስኩላቸው። ሰው በተሰበሰበበት መናገር ድሮም አይሆንልኝም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ጋሽ ነስሩ የትምህርት ቤታችን የጂኦግራፊ መምህርና የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ነበሩ። አሰልጣኝ የሆኑት ጨዋታውን ስለሚያውቁ አይደለም። መምህራኑ ተጨማሪ ሥራ ሲከፋፈሉ እርሳቸው ስብሰባ ቀርተው ነበርና በማግሥቱ ጠረጴዛቸው ላይ ፊሽካ ተቀምጦ አገኙ። «ፊሽካ የተሰጠው ሰው መንፋት አለበት» ብለው ነፉ። ሕጉን እስከ መጨረሻው አልተማሩትም። ኳስ ሳታነጥር የሮጠች ተጫዋች ስትቀጣ ከዳኛው ጋር ይሟገታሉ፤ «ምን አጠፋች? ይዛው ነው የሮጠችው። ጥላው ብትሮጥ ይሻል ነበር?»

አንድ ነገር ከመናገራቸው በፊት ኮፍያቸውን አውልቀው ውስጡን ይመለከታሉ፤ የሚሉት እዚያ የተጻፈ ይመስል። ከዚያ ይደፉትና ይናገራሉ። ኮፍያው ውስጥ ምንም እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቢሆንም ባወለቁ ቁጥር አንገታችንን እናሰግጋለን።

እኔን ቡድኑ ውስጥ ያስገቡኝ በቁመቴ ነው። ኳስ ሲደርሰኝ አጠገቤ ያለችውን ልጅ ይቅርታ ጠይቄ ነበር የማቀብላት። ተጫዋች ማለት ሐያት ነበረች። አጭር ናት፤ ግን ሜዳ ስትገባ ኳሷ እንደ ውሻ ግልገል ይከተላታል። ሜዳችን የተሰነጣጠቀ ሲሚንቶ ነው፤ ሐያት ደግሞ የምትጫወተው ሶሉ በተላጠ ሸራ ጫማ ነው። አንድ ቀን ልትዞር ስትል እግሯ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቷ ተጠመዘዘ። ወጌሻ እየታሸች ብዙ ሰነበተች። እንደ ምንም ሲሻላት አባቷ ጋሽ ነስሩን አስጠሯቸው።

አባቷ አቶ ከድር ወፍጮ ቤት አላቸው። ቀኑን ሙሉ በሞተር ድምፅ ላይ ስለሚያወሩ ሞተሩ ቢጠፋም ይጮሃሉ። እኔና ሐያት በሩ ላይ ቆመን እንሰማለን።

«ነስሩ! ልጄ ትጫወት አትጫወት አላልኩም። የዞኑ ግጥሚያ ወልቂጤ ነው ብላኛለች፤ ትሂድ። ግን በሚይዝ ጫማ! ብሩን እኔ እሰጣለሁ። መራጩ አንተ ነህ። አንዴ ደግሞ እያነከሰች ብትመጣልኝ ግን በቃ፤ ኳስ የሚባል ነገር በዚህ ቤት አይነሳም።»

«ራስህ ብትመርጥላት አይሻልም?»

«እኔ ከመረጥኩ ማንን ልጠይቅ ነው?»

ጋሽ ነስሩ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ አዩ፣ ደፉ። «እሺ» አሉ።

ሐያት ማታውኑ ደስ ብሏት ስልኳ ላይ ጫማ ስትፈልግ አምሽታ ነበር፤ በማግሥቱ ጠዋት አሳየቻቸው። «ጋሽ ነስሩ፣ ቴሌግራም ላይ እኮ ሞልቷል! አዲስ አበባ እናዛለን፣ በመኪና ይልኩልናል።»

«በፎቶ ይታጫል እንዴ?» አሉ።

የዚያን ቀን የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ልጆች፣ ሰው የሚወድቀው መሬት ከድቶት አይደለም። መሬት የትም አይሄድም። የሚከዳው በሰውና በመሬት መካከል የገባው ነገር ነው። ስለዚህ ጫማ እንደ ትዳር ነው። መልክ አይታይም። ዘር ይጠየቃል፣ ጠባይ ይጠየቃል፣ ጎረቤት ይጠየቃል።» እኛ ምሳሌ መስሎን ነበር።

ምሳሌ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት በኋላ የከተማውን ጫማ ቤት ሁሉ ዞርን። ጋሽ ነስሩ ጫማ ያነሳሉ፣ ያጥፉታል፣ ጆሮአቸው ላይ ይይዙታል፣ ወደ ሻጩ ዞረው «ይሄ ሲቆጣ እንዴት ነው?» ይላሉ። አዲስ ጫማ አይወዱም፤ «ኑሮ ያላየ» ይሉታል። አንዱን ቀይ ጫማ እኔ ወድጄው ነበር፤ «ይሄ ቤት አይጠብቅም» ብለው መለሱት። ልጆቹ ሳቃችንን ለመያዝ ጥርሳችንን እንነክሳለን። ሐያት ብቻ አትስቅም ነበር። ግጥሚያው እየቀረበ ነው፤ እርሷ ግን ገና የሚይዝ ጫማ አላገኘችም።

በመጨረሻ ወይዘሮ ዘምዘም ሱቅ ደረስን። ወይዘሮ ዘምዘም ቦንዳ ነው የሚሸጡት፤ ከውጭ አገር በትልቅ ከረጢት ታስሮ የሚመጣ፣ ሰው የለበሰውና የተጫማው ዕቃ። በራቸው ላይ፣ ከጣሪያው በክር፣ አንድ ጫማ ተንጠልጥሏል። የቀኝ እግር ነው። ነጭና ሰማያዊ፣ አንገቱ ቁርጭምጭሚት አልፎ የሚወጣ፣ ሶሉ ወፍራምና የጎረበጠ፣ የእውነት የቅርጫት ኳስ ጫማ። ጋሽ ነስሩ ሥሩ ቆመው ወደ ላይ ሲመለከቱ ቆዩ።

«ይሄ ስንት ነው ወይዘሮ ዘምዘም?» አለች ሐያት።

ወይዘሮ ዘምዘም ፊታቸው ተለዋወጠ። «እሱ አይሸጥም። እሱ… የሱቁ ምልክት ነው» አሉ።

ሐያት አንገቷን ደፋች። ጋሽ ነስሩ ግን ፊታቸው በራ። ትንሽ ራቅ እንዳልን እጃቸውን አጨብጭበው፣ «አያችሁ? በመንገድ ላይ ጠይቀናት ትሰጠናለች እንዴ? ጨዋ ቤት ናት! በወጉ ነው የሚጠየቀው» አሉ።

ሦስት ሽማግሌ ላኩ። አንዱ የመስጊዱ አዛውንት ናቸው። ሁለተኛው ልብስ ሰፊና የእኛ ቸርች ሽማግሌ ናቸው፣ አባቴ በጣም የሚያከብራቸው። ሦስተኛው አባባ ወልዴ ናቸው፤ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ መጥተው፣ ጡረታ ወጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ሽምግልና ከተባለ ከሕመም አልጋ የሚነሱ። ጉዳዩ ጫማ መሆኑ ሲነገራቸው ይስቃሉ ብዬ ነበር። አባባ ወልዴ «የልጁ እግር ቁጥር ስንት ነው?» ብቻ አሉ።

ሐያት አብራ መሄድ አልቻለችም፤ የወይዘሮ ዘምዘም ሱቅ ከአባቷ ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት ነውና ነገሩ ሳይሰምር እንዲያዩ አልፈለገችም። የእርሷና የእኔ የጫማ ቁጥር አንድ ነው። ጋሽ ነስሩ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ አዩ። «ምሕረት፣ አንቺ የእግሩ ተወካይ ነሽ» አሉኝ። እንዴት እምቢ እንደሚባል ስለማላውቅ ሄድኩ።

ሽማግሌዎቹ ሱቁ በር ላይ ተሰልፈው ቆሙ። «አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ አዛውንቱ።

«ወዐለይኩም ሰላም። ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» አሉ ወይዘሮ ዘምዘም ግራ ገብቷቸው።

«አንቀመጥም። ለቁም ነገር ነው የመጣነው» አሉ አባባ ወልዴ። «እዚህ ቤት አንድ መልካም ጫማ እንዳለ ሰማን። እኛም አንድ መልካም እግር አለን። ጫማዎን ለእግራችን እንዲሰጡን ነው።»

ቦንዳ የሚያማርጡት ሴቶች እጃቸው ላይ ያለውን ልብስ እንደያዙ ቀሩ። ወይዘሮ ዘምዘም አንዴ ሽማግሌዎቹን፣ አንዴ የተንጠለጠለውን ጫማ አዩ። ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ። «እንግዲህ… ተመካክረን እንመልሳለን» አሉ በመጨረሻ። «ሌላ ቀን ኑ።»

ሽማግሌዎቹ በደስታ እየተያዩ ወጡ። ልብስ ሰፊው «በመጀመሪያ ቀን እሺ ብትል እኔ ራሴ እጠረጥራት ነበር» አሉ።

በሁለተኛው ጊዜም ተመለስን። ወይዘሮ ዘምዘም ከመጀመሪያው የባሰ ተጨነቁ። ጫማው ከወረደ ሱቁ እንደሚራቆት፣ ዘመድ ማማከር እንዳለባቸው ተናገሩ። አዛውንቱ በአክብሮት ሰምተው፣ ቢያንስ ልክነቱ ይታይ ብለው ለመኑ። ጫማው ከጣሪያ ወረደ። ሰው ሁሉ ከቦኝ ቀኝ እግሬን አስገባሁ። እውነት ለመናገር እንደዚያ ያለ ጫማ አድርጌ አላውቅም፤ ቁርጭምጭሚቴን እንደ እጅ ጨብጦ ያዘኝ።

«እንዴት ነው?» አሉ ጋሽ ነስሩ።

«ጥሩ ነው» አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

«ምን አለች?»

«ጥሩ ነው አለች!» አለች አንዷ ገበያተኛ ጮኻ።

«ሌላኛውስ?» አልኩ ቀስ ብዬ። አባባ ወልዴ በዓይናቸው ገሠጹኝ። ቤተሰቡ ገና እሺ ሳይል ሁሉንም አሳዩን ይባላል እንዴ?

ወይዘሮ ዘምዘም ግን ሰምተውኝ ኖሯል። «ሌላኛው ልክ እንደዚሁ ነው» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

በሦስተኛው ጊዜ አዛውንቱ ከመጠየቃቸው በፊት መረቁ። ሱቁን መረቁ፣ የወይዘሮ ዘምዘምን ልጆች መረቁ፣ ለሟች ባላቸው ዱዓ አደረጉ። ከዚህ በኋላ እምቢ ማለት ለማንም ሰው ከባድ ነው። ወይዘሮ ዘምዘም ጫማውን አውርደው፣ ከውስጥ ሌላኛውን አምጥተው፣ ሁለቱንም ካርቶን ውስጥ ከተው፣ ካርቶኑን በክር አስረው፣ ክሩን ደግመው አስረው ሰጡን። ጋሽ ነስሩ መንገድ ላይ እንድንከፍተው አልፈቀዱም። «ሙሽራ ቤት ሳትደርስ አይገለጥም» አሉ።

ዓርብ ከሰዓት ነበር፤ ግጥሚያው እሑድ ነው። ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ቡድኑ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ሐያት እግሯን ታጥባ ካልሲ አድርጋ፣ ካርቶኑ ተከፈተ። የመጀመሪያውን አጠለቀች። ሁለተኛውን አነሳች። አዞረችው። መልሳ አዞረችው።

«ጋሽ ነስሩ፣ ይሄም ቀኝ ነው።»

«በግራሽ ሞክሪው።»

«ቀኝ ነው ጋሽ ነስሩ!»

ጋሽ ነስሩ ጫማውን ተቀብለው ገለበጡት፣ ከሥር አዩት፣ ከላይ አዩት። እንደ ልማዳቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። ለረዥም ጊዜ አዩ። ምንም ሳይናገሩ ደፉት። እንደዚያ ሲሆኑ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ከልጆቹ አንዷ «በሸራው ትጫወት፣ አባቷ በምን ያውቃሉ?» አለች። «እኔ አውቃለሁ» አሉና ሁለቱንም ጫማ ካርቶኑ ውስጥ መልሰው ይዘውት ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ሐያት በካልሲዋ ብቻ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብላ ቀረች።

ወይዘሮ ዘምዘም ከሩቅ ሲያዩን ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ።

«አውቅ ነበር» አሉ። «ወላሂ አውቅ ነበር። ለዚህ እኮ ነው ሌላ ቀን ኑ የምላችሁ! እናንተ ግን እምቢ ባልኩ ቁጥር ደስ እያላችሁ ትመለሳላችሁ!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ወይዘሮ ዘምዘምና እንሴኖ ያለው የእህታቸው ባል ሙክታር አንድ ቦንዳ በጋራ አስመጡ። ማንም ማንንም እንዳይበድል ከረጢቱን መሬት ላይ ዘርግፈው፣ አንድ ለእኔ፣ አንድ ላንተ እያሉ ተካፈሉ። ጫማውንም እንደዚያው፣ በነጠላ። ከዕቃው ውስጥ ቁጥራቸው እኩል የሆነ ሁለት ጥንድ አንድ ዓይነት ጫማ ነበር። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ደረሰ፤ ሁለቱም ጥንድ የያዙ መሰላቸው።

«ታዲያ ስታውቂ ለምን አልነገርሽውም?» አሉ ጋሽ ነስሩ።

«ያካፈልኩት እኔ ነኛ! ክፍፍሉ ልክ አልነበረም ብዬ በገዛ አፌ ልናገር? እሱስ ለምን አይናገርም? እስከ ዛሬ ስልክ ደውሎልኝ አያውቅም። እኔም አልደወልኩም።»

ጋሽ ነስሩ ይህን ለሽማግሌዎቹ ሲነግሯቸው አባባ ወልዴ ከተቀመጡበት ተነሡ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «የተጣላ ሰው አለ በለኛ!»

ቅዳሜ በሚኒባስ እንሴኖ ሄድን። ወይዘሮ ዘምዘም ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀምጠዋል፤ እኔ በእግር ተወካይነቴ ከኋላ። የሙክታር ሱቅ ገበያው ዳር ነው። በሩ ላይ፣ ከጣሪያው በክር፣ አንድ ነጭና ሰማያዊ ጫማ ተንጠልጥሏል። የግራ እግር።

ሙክታር ወይዘሮ ዘምዘምን ሲያይ የያዘውን ሱሪ ጣለው።

«ዘምዘም። ቀኙ አንቺ ጋ ነው?»

«ሁለቱም።»

«ግራው ሁለቱም እኔ ጋ ነው።»

ተያዩ። ሙክታር ቀድሞ ፈገግ አለ። ወይዘሮ ዘምዘምም ካርቶኑን ሊከፍቱ እጃቸውን ላኩ። ነገሩ በዚያው ሊያልቅ ነበር፤ አዛውንቱ ግን በከዘራቸው አገዱ።

«ምን ልታደርጉ ነው? መጀመሪያ እርቅ ነው።»

«ታርቀናል እኮ» አለ ሙክታር።

«ማን አስታረቃችሁ?»

ስለዚህ አግዳሚ ወንበር ወጣ። መጀመሪያ ወይዘሮ ዘምዘም በደላቸውን ተናገሩ። በደል የለም ቢሉም፣ ሳይኖር አይቀርም ተብለው ፈልገው አገኙ። ከዚያ ሙክታር ተናገረ። በመካከሉ የእህታቸው የሠርግ ቀን የቀረ ሰው ጉዳይ ተነሣና እርሱም ታየ። ቆጮ በጎመን ቀረበ፤ ተበላ። ጋሽ ነስሩ ፀሐይዋን ያያሉ፣ ጫማውን ያያሉ፣ ኮፍያቸውን ያያሉ። አንዴ ወደ አባባ ወልዴ ጆሮ ጠጋ ብለው «ነገ ጨዋታ አለብን» ሲሉ ሰማሁ። አባባ ወልዴ ሳይዞሩ፣ «እርቅ በጥድፊያ የተጀመረው ጊዜ ነው አገር የተበላሸው» አሉ።

ምርቃቱ አልቆ አንድ ቀኝና አንድ ግራ እጃችን ሲገባ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። የቀረውን አንድ ቀኝ ወይዘሮ ዘምዘም፣ የቀረውን አንድ ግራ ሙክታር፣ በፍቅር ተካፍለው ወሰዱ። አባባ ወልዴ ይህ ነገር ሌላ ጣጣ እንዳለው ገብቷቸው እንደገና ሊቀመጡ ሲሉ ጋሽ ነስሩ ጫማውን በብብታቸው ይዘው ወደ ሚኒባሱ ሮጡ።

እሑድ ወልቂጤ ተጫወትን። ጋሽ ነስሩ ከሜዳው ጠርዝ በርከክ ብለው፣ አገጫቸው መሬት ሊነካ ሲል፣ ጨዋታውን ሁሉ የሐያትን እግር ብቻ ሲያዩ ቆዩ። ሐያት እንደዚያ ቀን ተጫውታ አታውቅም። ትሮጣለች፣ ቀጥ ትላለች፣ ትዞራለች፤ ጫማው ሲሚንቶውን ነክሶ ይይዛል። አንዴ ሁለት ልጆች ተጋጭተውባት በጎኗ ስትወድቅ ጋሽ ነስሩ ፊሽካቸውን ነፉ። ዳኛው «እርስዎ አሰልጣኝ ነዎት፤ አይነፉም» አላቸው። ሐያት ተነሥታ ቀጠለች።

ሲያልቅ ከተንበረከኩበት ደግፌ አነሳኋቸው።

«ማን አሸነፈ?» አሉኝ።

«ወልቂጤዎች።»

«እግሯስ?»

«ደህና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ወደ ቡታጅራ ስንመለስ ሌሎቹ ልጆች ይዘፍናሉ። ሐያት አትዘፍንም፤ እየቆየች ቁርጭምጭሚቷን ትዳስሳለች። ስትወድቅ ትንሽ ተሰምቷት ነበር፤ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። «ካነከስኩ አለቀልኝ» አለችኝ። መናኸሪያው ስንገባ አቶ ከድር ዱቄታቸውን እንኳ ሳያራግፉ በሩ ላይ ቆመው በመስኮት አየናቸው። ጋሽ ነስሩ መቀመጫቸው ላይ ዝቅ አሉ። «ምሕረት፣ ውረጂና እዪልኝ» አሉ። «እኔ አልችልም።»

ሐያት ወረደች። አቶ ከድር ሰላም አላሏትም።

«ተራመጂ!» አሉ፣ ከወፍጮው በላይ በሚሰማ ድምፅ።

ተሳፋሪ ሁሉ ዞረ። ሐያት እስከ ትኬት መቁረጫው ድረስ ሄዳ ተመለሰች። አንድ የባጃጅ ሹፌር «ሞዴል ናት እንዴ!» አለ። «ዝም በል አንተ!» አሉ አቶ ከድር። «እንደገና! ፈጠን ብለሽ!» እንደገና ሄደች። እኔ እግሯን ብቻ አያለሁ። አላነከሰችም። አቶ ከድር ቁጢጥ ብለው የግራ ቁርጭምጭሚቷን በጫማው ላይ ጨበጡ፣ ለቀቁ፣ የቀኙን ጨበጡ። ሶሉን በጥፍራቸው ቧጠጡ። ተነሡ።

«ነስሩ የት አለ? ውረድ በሉት!»

ጋሽ ነስሩ ወረዱ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ሽማግሌ ልከህ ነው አሉ ያመጣኸው» አሉ አቶ ከድር።

«ልኬ ነው።»

«ወፍጮዬ ፊት ለፊት! ሦስት ጊዜ! እኔ እዚያው ቆሜ እያየሁ! በዚህ ከተማ ሽማግሌ ሲላክ ከድር ሰው አይደለም? ምን ጎደለኝ? ለሚቀጥለው ጫማ እኔን ሳትጨምር ብትሄድ እንቀያየማለን!»

ጋሽ ነስሩ ኮፍያቸውን በእርጋታ ደፉ። «አይሆንም» አሉ። «አንተ የሙሽራው አባት ነህ። አባት ሽማግሌ አይሆንም።»

አቶ ከድር ከሆዳቸው ሳቁ፣ ዱቄቱ ከልብሳቸው እስኪቦን ድረስ። የባጃጅ ሹፌሮቹም ሳቁ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። «ለመሆኑ ሙሽራው የት ሄደ?» ብለው ሲዞሩ ሐያት የለችም። «ለሚቀጥለው ጫማ» የሚለውን ከሰማች በኋላ የቀረውን አልጠበቀችም፤ ቦርሳዋን ለእኔ ጥላ በአስፋልቱ ዳር ወደ ቤቷ እየሮጠች ነበር።